አንድ ጎማ ለመቀየር

ታኅሣሥ 27፣ ሐሙስ

ሬድዋን ዛሬም ጠፋ። ከሰዓት የአሱር ሰላት አዛን ሲጀምር ባጃጇን ሱቄ በር ላይ ገትሯት ውልቅ አለ። ተሳፋሪ ገብቶ ተቀምጦ እየጠበቀ። አንዷ ሴትዮ «ሹፌሩ የታለ?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? እህቱ ነኝ እንጂ ጠባቂው አይደለሁ። ኋላ ሰልችቷት ወረደችና በእግሯ ሄደች። እኔን ገላምጣ።

ሲመለስ እጁ ጥቁር በጥቁር፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ አፈር።

«የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

መስጊድ ነበርኩ ቢለኝ ደስ ባለኝ። ግን መስጊድ የቆየ ሰው እንዲህ በቅባት ተለውሶ አይመጣም። ታዲያ የት ነው? በየቀኑ፣ በዚያችው ሰዓት...

ባጃጇን የገዛሁት እኮ ለሱ ነው። ሰባት ዓመት የሰው አገር ቤት ጠርጌ፣ የሰው ሽማግሌ አንስቼ አስቀምጬ... ሬድዋን ያንን መንገድ እንዳይሄድ ብዬ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደጉን አጎቴ ሙሄ ናቸው፤ ጎማ እየጠገኑ። እሳቸው አሁን አርጅተዋል፣ ልጁን ማን ይቆጣው? እኔ ስቆጣው ይስቃል።

ጥር 3፣ ረቡዕ

የባጃጅ ማኅበሩ ውድድር ሊያደርግ ነው። ጥር 28፣ እሑድ ጠዋት። ወሬውን ያመጣው ዋልልኝ ነው። የሬድዋን ጓደኛ። የሱ ባጃጅ ሞተሯ ከተቃጠለ ወዲህ ሥራው ወሬ ማመላለስ ሆኗል።

ከገበያው ይነሳሉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያልፋሉ፣ ዩኒቨርሲቲውን ዞረው በባሕር ዛፉ ቁልቁለት ተመልሰው ገበያው። ስድስት ዙር። አንድ ደንብ አለ፤ ማንኛውም ባጃጅ መሃል ላይ አንዴ ቆሞ አንድ የኋላ ጎማ መቀየር አለበት። የትኛው ዙር ላይ እንደሚቆም ራሱ ይመርጣል። ሹፌሩ ከመቀመጫው አይነሳም፤ የሚቀይሩለት የራሱ ሰዎች ናቸው።

ይህን ስሰማ የሱቁን ልብስ የማጣጥፈው እጄ ቆመ። ጅዳ የነበርኩበት ቤት ሽማግሌ ከመኪና እሽቅድምድም ሌላ ነገር አያዩም ነበር። ማዳሟ እሳቸው አጠገብ አስቀምጣኝ ትወጣለች። ትራሳቸውን እያስተካከልኩ፣ መድኃኒታቸውን እያጠጣሁ፣ ሳይ... ሳይ... ማን መቼ ጎማ ለመቀየር እንደሚገባ መገመት ለመድኩ። እኔ ከገመትኩት ቀድሞ የገባ ሲሸነፍ አየሁ። ሽማግሌው ቴሌቪዥኑን ይቆጡት ነበር፤ «አሁን ጥራው እንጂ፣ አሁን» እያሉ። ውድድሩ ያለው እዚያ ነው። ነዳጅ የረገጠ ሁሉ ይሮጣል፤ መቼ እንደሚቆም ያወቀው ነው የሚያሸንፈው።

ያሸነፈ የዩኒቨርሲቲውን በር ተራ ለአንድ ዓመት ያገኛል። እዚያ የቆመ ሰው ተሳፋሪ ፍለጋ ከተማውን አይዞርም። ተማሪው ራሱ ይመጣል።

ጥር 4

እራት ላይ፣ እንጀራውን እየቆረሰ፣ እንደ ተራ ወሬ፦ «ደላላው በየካቲት ማለቂያ ልጆች ይዞ ይወጣል።»

«አንተ ምን አገባህ?»

«ስሜን ሰጥቻለሁ። ገና አልቆረጥኩም።»

በጅቡቲ አድርጎ፣ ከዚያ በጀልባ። እኔ በአውሮፕላን ሄጄ፣ ወረቀቴ ሙሉ ሆኖ፣ ምን እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ነገርኩት። ስንቴ ነገርኩት። ልጁ የሚሰማው ሰውዬው ያሳየውን የስልክ ፎቶ ነው።

በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «ያንን ተራ ካገኘሁ እቀራለሁ። ካላገኘሁ ግን አትያዢኝ።»

እንግዲህ ማሸነፍ አለብን። ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

ጥር 8፣ ሰኞ

ቡድኑን ሳዋቅር ዋልኩ። ዋልልኝ ትከሻው የበሬ ነው፤ ባጃጇን በአንድ ጎኗ ብድግ አድርጎ ይይዛል። እኔ የምትገባውን ጎማ አቀብላለሁ፣ ሬድዋንን መቼ እንደሚገባም እኔ ነኝ የምጠራው። የሚፈታና የሚያጠብቅ ሰው ቀረኝ። ከመናኸሪያው ማዶ ያለውን ፈጣን ጎሚስታ ላናግር አሰብኩ፤ ዘመናዊ መፍቻ አለው።

አጎቴ ሙሄ ከየት እንደሰሙ እንጃ፣ ሱቄ ድረስ መጡ። ተቀመጡ። ሻዩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ጠጡ።

«ጎማ ትቀይራላችሁ አሉ።»

«አዎ ጋሼ፣ ጨዋታ ነገር ነው...»

«በዚህ ከተማ ጎማ ሲቀየር፣ የወንድሜ ልጅ ጎማ ሲቀየር፣ እኔ ቆሜ ላይ ነው?»

ሬድዋን ከኋላዬ «ይኑሩልኝ ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለን» ይላል። ዞሬ ባየው እየሳቀ አይደለም። ከልቡ ነው። አሁን ይህ ልጅ ማሸነፍ ይፈልጋል ይባላል?

ጥር 11

ጥምቀት። መንገዱ ሁሉ ታቦትና ሕዝብ። ልምምድ የለም። ዋልልኝ ሲጨፍር ውሎ ድምፁ ጠፍቷል፣ አልሐምዱሊላህ።

ጥር 13፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ልምምድ። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ሬድዋን ገባ፣ ቆመ። ዋልልኝ አነሳ። አጎቴ ደግሞ መጀመሪያ ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጠፉ። ቢስሚላህ አሉ። ጨርቅ አነጠፉ። አንዱን ዳዶ፣ የጎማውን ማሰሪያ፣ ፈቱ፣ ጠረጉት፣ ጨርቁ ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛውን ፈቱ፣ ጠረጉት... የዋልልኝ አንገት ሥሩ ተገታትሯል። በዚህ መሃል አንድ የገበያ ሰውዬ ያልፋል። «አሰላሙ አለይኩም ሼህ ሙሄ።» ይኸው ነው የቀረኝ። መፍቻውን እንደያዙ ቀና አሉና ሰላምታውን እስከ ቤተሰቡ፣ እስከ በሬው፣ እስከ ታመመችው ላሙ ድረስ መለሱ። ላሟ ድናለች። ዋልልኝ ግን ሊሞት ነበር።

ማን ይናገራቸው? «ቶሎ ይበሉ» አይባል ነገር። እንደምንም «ጋሼ፣ ሰላምታውን ለእኛ ቢተዉልን?» አልኩ።

«ሰው ሰላም ሲልሽ ጀርባሽን ትሰጪያለሽ? ያ አገር ነው ያበላሸሽ።»

ሲጨርሱ እያንዳንዱን ዳዶ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። ከልጅነታችን ጀምሮ የማውቀው ልማዳቸው ነው፤ ጨርሻለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ሬድዋን «ነዳጅ ልይ» ብሎ ባጃጇን ይዞ ከጥጉ ዞረ። ቆይቶ መጣ። አሁንም እጁ ቅባት። ነዳጅ እንዲህ ነው የሚታየው?

ጥር 17

አገኘሁት። ወላሂ አገኘሁት።

ሽማግሌው የሚያዩት ውድድር ላይ አደጋ ሲደርስ ሁሉም ቀስ ብለው እንዲነዱ ይታዘዛሉ። ብልጡ ያኔ ነው ጎማውን የሚቀይረው፤ ሌላው እየተንፏቀቀ እሱ ቢቆምም የሚያጣው ትንሽ ነው። እዚህ ደግሞ ምን አለ? እሑድ ጠዋት ምን አለ? ቅዳሴ አለ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወርዶ መንገዱን ይሻገራል። ማን ነው ምእመን ላይ ባጃጅ የሚነዳ?

ዋልልኝን እናቱ ጋ ላክሁት። እትዬ ውቢት ቅዳሴ አያስታጉሉም። ውድድሩ ሲጋመስ ይወጣሉ ብለዋል። የማኅበሩም ሰው ቀይ ጨርቅ ይዞ እዚያ ይቆማል አሉ፤ ሕዝቡ እስኪያልፍ ሁሉም በእግር ሰው ፍጥነት። የቤተ ክርስቲያኑ በር ደግሞ ከገበያው ፊት ለፊት ይታያል። ነጠላው መፍሰስ ሲጀምር ሬድዋንን እጠራዋለሁ። ቢጫ ሻሼን አውለበልባለሁ።

ዋልልኝ አፉን ከፍቶ አየኝ። «እታለም፣ አንቺ ሰላት እየሰገድሽ ቅዳሴያችንን መቼ አጠናሽው?» አለ።

ጥር 21

ሁሉም ነገር ደርሷል፣ ከአንድ በቀር። ለሬድዋን ብቻውን ሳገኘው ነገርኩት። አጎቴን በክብር ወንበር ላይ እናስቀምጥ፣ ያንን ከመናኸሪያ ማዶ ያለውን ልጅ እንጥራ። ማንም አይከፋም። እኔ በዘዴ አደርገዋለሁ።

«እሳቸው ካልሆኑ እኔም አልነዳም።»

«ተራውን ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ?»

ከዚያ፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፦ «እኔ ብሄድ አጎቴን ማን ያያቸዋል?»

«እኔ ምን ሆኛለሁ?»

«አንቺማ...» እጄን አየ። «አንቺ እጅሽ አይቆሽሽም።»

እኔን። ሰባት ዓመት የሰው ሽንት ቤት ያጠብኩትን። ተነስቼ ወጣሁ። እስካሁን እርር እያልኩ ነው።

ጥር 27፣ ቅዳሜ

የመጨረሻው ልምምድ። አጎቴ ዛሬ ጉድ አደረጉ። ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጆሯቸውን ሸፍነው ጠምጥመው መጡ።

«ሰላምታ ከሰማሁ መመለሴ አይቀርም። ካልሰማሁ ግን ወንጀል የለብኝም።»

ጨርቅ ማንጠፉ ቀረ፣ መጥረጉ ቀረ። ፈቱ፣ ጎማውን ተቀበሉኝ፣ አጠበቁ፣ መታ መታ። ዋልልኝ አንገቱ እንኳ አልቀላም። ለኛ ሲሉ እንዲህ መሆናቸውን ሳይ ሆዴ ባባ። ስንት ቀን ነው ሳማቸው የከረምኩት።

ሬድዋን ከጥጉ ዞሮ ቆይቶ መጣ። ተውኩት።

ጥር 28፣ እሑድ

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት ደግሞ አንዱ ሰው ላይ እጮህበታለሁ።

ገበያው ሰው በሰው ነበር። አሥራ አንድ ባጃጅ። ይታየው የሚባለው ሹፌር ባጃጁን በመስታወትና በጥሩምባ አስጊጧት መጣ፤ ያሸንፋል የተባለው እሱ ነው። ተነሱ። አቧራ። ይታየው ሁለተኛው ዙር ላይ ገብቶ ጎማውን ቀየረ፤ ሰዎቹ አራት ጎረምሶች ናቸው፣ እንደ ቅጽበት ጨረሱት። የሱን አይቶ ሁሉም እየተከታተለ ገባ። እኔ አልጠራሁም። ሬድዋን ባለፈ ቁጥር ያየኛል፣ እኔ ሻሼን ይዤ ቆሜያለሁ። ዋልልኝ «እታለም ኧረ ጥሪው፣ ሰዉ ሁሉ ጨረሰ» ይላል። ከኋላችን የሚስቁብን ነበሩ። «ሴትዮዋ ሻሽ ልትሸጥ ነው የመጣችው» ያለውን አውቀዋለሁ፣ ነገ ሱቄ ይመጣል።

አራተኛው ዙር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ነጣ። ነጠላው ወደ ታች መፍሰስ ጀመረ። ቀዩ ጨርቅ ተነሳ። አውለበለብኩ።

ገባ። ዋልልኝ አነሳ። አጎቴ ጋቢያቸውን እንደጠመጠሙ ወረዱበት። አንድ ሰው «ሼህ ሙሄ» ብሎ ተጣራ፤ አልሰሙም። ጎማውን አቀበልኩ። አጠበቁ። መታ፣ መታ፣ መታ። «ሂድ» አልኩ። ሬድዋን ግን ወዲያው አልሄደም። ዞሮ ወደ ጎማው አየ፣ ወደ አጎቴ አየ፣ የቆመውን ሕዝብ አየ። «ሂድ እንጂ» ብዬ ጣሪያውን መታሁት። ሄደ።

ከላይ ሌሎቹ ከምእመኑ ኋላ ተሰልፈው እየተንፏቀቁ ነበር። ሬድዋን የደረሰው ሕዝቡ ተሻግሮ ሲጨርስ፣ ጨርቁ ሊወርድ ሲል ነው። ሌሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠጋግተው ሲተራመሱ በጎን አለፋቸው። አምስተኛውን ዙር ጨርሶ በፊታችን ሲያልፍ አንደኛ ነበር። ብቻውን። ከኋላው ማንም አይታይም። የሳቁብን ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ዋልልኝ ሊያቅፈኝ መጥቶ መሃል ላይ አፈረና አጎቴን አቀፈ። እኔ ጅዳ ያሉትን ሽማግሌ አሰብኩ። ቢያዩኝ...

ከዚያ የመጨረሻው ዙር። ሁላችንም ወደ ቁልቁለቱ እያየን። ጥሩምባ ተሰማ። ይታየው ነው። ከሱ ኋላ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሬድዋን አራተኛ ሆኖ ገባ፤ ቀስ ብሎ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው።

«ምን ሆንክ?»

«ጎማው ድምፅ አሰማኝ። ቆሜ አየሁት።»

«የትኛው ጎማ?»

አጎቴ አጠገባችን ቆመው ነበር። ሬድዋን አያቸውና «የፊተኛው» አለ።

አጎቴ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ፈቱ፣ አጣጠፉና ሄዱ።

ጥር 29

አራተኛ።

የካቲት 2

የማኅበሩ ሰው ሙላቴ ባሕር ዛፉ ጋ ቆሞ ነበር። ዛሬ ሱቄ መጥቶ አጫወተኝ። «ወንድምሽ ምን ነክቶት ነው? ማንም ሳይከተለው ወርዶ፣ ከኋላ ጎማው ሥር ተንበርክኮ፣ መፍቻ ይዞ... አንደኛ እኮ ነበር።»

ከኋላ ጎማው። የፊተኛው ነው ያለኝ። ለምን ይዋሸኛል?

አውቀዋለሁ ለምን እንደሆነ። ካሸነፍኩ እቀራለሁ ብሏላ። ማሸነፉ ሲመጣበት ደነገጠ። ወርዶ ሲጎረጉር ሌላው እስኪያልፈው ጠበቀ። ቃሉን ሳይሰብር ሊሄድ! እኔ ቅዳሴ ሳሰላ፣ ሻሽ ሳውለበልብ፣ እሱ ልቡ ጀልባ ላይ ነው።

ፊት ለፊት ጠየቅሁት። «ሆን ብለህ ነው የተሸነፍከው?» እንደ ተመታ ሰው አየኝ። ከዚያ ምሳውን ትቶ ወጣ። ይህም መልስ ነው።

የካቲት 4

የአጎቴ ሱቅ ከውድድሩ ወዲህ ተዘግቶ ነበር። ታምሜ ነው ይላሉ። ዛሬ ከፈቱ። ሬድዋንም ዛሬ በአሱር ጠፋ። ደላላው የሚቀመጥበትን ቤት አውቀዋለሁ። በቃኝ። ነገ ተነገወዲያ እከተለዋለሁ፣ ደላላውንም ራሱን አናግረዋለሁ።

የካቲት 6፣ ሰኞ

ተከተልኩት።

አዛን ሲል ባጃጇን ገትሮ ሄደ። ሱቄን ለጎረቤቴ ለየሺ አደራ ብዬ ከኋላው። ለደላላው የምለውን እያዘጋጀሁ። ሬድዋን ግን ወደ ደላላው አልታጠፈም። ወደ አጎቴ ሱቅ ሄደ። አጎቴ በሩ ላይ እንጨት አጋድመው መስጊድ ሄደዋል። ልጁ እንጨቱን ተሻግሮ ገባ።

በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁት። ጠዋት የተሠራች ባጃጅ ባለቤቷን እየጠበቀች ቆማለች። ሬድዋን ተንበርክኮ አንዱን ዳዶ በሁለት ጣቱ ያዘ። ዞረ። በጣቱ ብቻ ዞረ። መፍቻውን አንስቶ አጠበቀው። ቀጣዩም ዞረ። ሁሉም። ከዚያ ግድግዳው ሥር ያለውን ጋሪ። ከዚያ ያንን ሌላውን። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ እየቸኮለ፣ በየመሃሉ ወደ በሩ እየተገላመጠ። ሲጨርስ መፍቻውን አጎቴ ካስቀመጡበት ቦታ ላይ፣ አጎቴ እንዳስቀመጡት አድርጎ መለሰውና ወጣ።

የአጎቴን ሁለት እጆች ሻይ ብርጭቆው ላይ አሰብኩ። ያን ያበጠ ጣት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ? አይቼ ምን አልኩ?

ልሄድ ስል ደግሞ ዘወር ብዬ መስጊዱን አየሁ። ሰላት አልቋል፣ ሰዉ ተበትኗል። አጎቴ ጥጉ ላይ ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል። ብቻቸውን። ወደ ሱቃቸው እያዩ። ሬድዋን መንገዱን ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሙ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ቀስ እያሉ መጡ።

ያውቃሉ።

የካቲት 7

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። በሁለቱም። አንዱ ተደብቆ ያጠብቃል፣ አንዱ ተደብቆ ይጠብቀዋል፣ አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። እኔ መሃል ላይ እንደ እብድ ልፍለፋ። ሰው ቢሞትስ? ጎማ ወልቆ ሰው ቢሞትስ?

ለዚህ ነዋ ሬድዋን አንድም ቀን የማያስታጉለው።

ባሕር ዛፉ ጋ ያለው ቁልቁለት ደግሞ... አሁን ነው የገባኝ። እዚያ ላይ ጎማ ቢወልቅበት ገደሉ ነው የሚቀበለው። «ሂድ እንጂ» ብዬ ጣሪያውን የመታሁት እኔ ነኝ።

የካቲት 10

ባጃጇ ውስጥ ተቀምጠን፣ ዝናብ በሌለበት ሰማይ ሽራውን አውርደን፣ ሰው እንዳይሰማን።

«አየሁህ» አልኩት። የት እንደሆነ አልጠየቀኝም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአረፋ ወዲህ። እሳቸው የቀየሩት ጎማ አንበሳሜ መንገድ ላይ ወለቀ። ሰው አልተጎዳም። ሹፌሩ ጓደኛዬ ነው፣ ለምኜ ዝም አሰኘሁት።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ብዬ? ዳዶ ማጥበቅ አቃተዎት ብዬ? አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?»

ሰላምታ ያሳጥሩ ለማለት እንኳ ስንት ፈርቼ ነው።

«ውድድሩ ላይስ? እዚያው ገበያው ላይ ወርደህ ብታጠብቀው...»

«በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት? በመዳፋቸው መታ መታ ካደረጉት ኋላ?» ራሱን ነቀነቀ። «ባሕር ዛፉ ጋ ሰው ይኖራል አላልኩም። ሙላቴን አላየሁትም።»

አንደኛ ሆኖ፣ ተራውን በእጁ ይዞ፣ ይህን አስቦ ነው የወረደው። እኔ ምን አልኩት? ሆን ብለህ ነው የተሸነፍከው። ይቅርታ አልኩት። እሱ ደግሞ ይቅርታ ሲባል ያፍራል፣ መሪውን ያሻል።

«ደላላውስ?»

«እሱ ነው ጭንቀቴ። ብሄድ ማን ያጠብቃል?»

ያኔም የጠየቀኝ ይህንን ነበር። ጥር ላይ። እኔ ስለ እጄ ተቆጥቼ ወጣሁ።

አሁን እኔ «ማንም» ብለው ይቀራል። አውቀዋለሁ፣ ይቀራል። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እኔ መፍቻ መች ይዤ አውቃለሁ፣ ሱቄን ለማን ልተው... ወላሂ ልለው ነበር። ግን በዚህ አስሬ ባስቀረው ነገ ፊቱን እንዴት አየዋለሁ? እኔ ስሄድ ማንም አላሰረኝም። አጎቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተውኝ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው ያለቀሱት።

«አሳየኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ማጥበቁን።»

የካቲት 14

በግራ ነው በቀኝ? ሦስቴ ተሳሳትኩ። ያጠበቅሁ መስሎኝ ፈታሁት። መፍቻው አምልጦኝ ጣቴን ላጠኝ። የሱቅ ደንበኞቼ «ሒና ነው?» ይሉኛል እጄን አይተው። ቅባቱ በሳሙናም በአመድም አይለቅም።

ሬድዋን ትዕግሥት የለውም። «ቀርፋፋ ነሽ» ይላል። «አጎቴ እስኪመለሱ አንዱን ጎማ አትጨርሺም።» እኔን ቀርፋፋ! ዋልልኝ ሰምቶ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ።

ስለ ደላላው አንጠያየቅም። ቀኑ እየቀረበ ነው። አልጠይቀውም ብያለሁ፣ አልጠይቀውም።

የካቲት 22፣ ረቡዕ

ደላላው ትናንት ማለዳ ልጆቹን ይዞ ወጣ።

ስነሳ የሬድዋን ፍራሽ ባዶ ነበር። ባጃጇም የለችም። ሱቄን ከፈትኩ፣ ዕቃውን አወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁ። ሰው ያናግረኛል፣ አልሰማም። ዋልልኝ ሲመጣ ፊቱን ለማየት ፈራሁ። «ምነው እታለም ከሳሽ? ሬድዋን እኮ ሰው ጭኖ አንበሳሜ ወርዷል፤ ንገራት ብሎኝ ረስቼው...» ይህን ልጅ አንድ ቀን እገድለዋለሁ።

ከሰዓት በፊት መጣ። አቧራ ለብሶ። ባጃጇን ቦታዋ ላይ አቆመ።

«ቀረህ?»

«አንቺ እስክትለምጂ ነው። በዚህ እጅሽ ሰው ትጨርሻለሽ።»

እስክለምድ። እሺ። አልቸኩልም።

ዛሬ ደግሞ አሱር ላይ አዛን ሲል ሬድዋን ተሳፋሪ ነበረው። አየኝ። «አንቺ ሂጂ» አለ። ባጃጇ ሰዓቷን ጠብቃ ስትሄድ ያየኋት ገና ዛሬ ነው። ሱቄን ለየሺ ሰጥቼ ሄድኩ። እንጨቱን ተሻገርኩ፣ ተንበረከክሁ። አንድ ባጃጅና ሁለት ጋሪ። የመጀመሪያውን ጎማ ሳጠብቅ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነበር። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ድምፁን ሰማሁ። ገና ምኑን ያዝኩት?

በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ። አጎቴ ጥጋቸው ላይ ቆመዋል፣ ጫማቸውን አድርገው። ሱቃቸውን አዩ። ቀሚሴን በበሩ ሥር ሳያዩት አይቀሩም። ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ጫማቸውን መልሰው አወለቁና ወደ መስጊዱ ገቡ።